ይሰካ ያልኩት መስመር

«ይሰካ» ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔም አልካድኩም፣ ዛሬም አልክድም። የኮሌጃችን ዲን ስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውት ስለነበር ቢሮው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ለእናንተ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ስለተባለ ሌላ ቃል ነው። እሱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አስቴር እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ገሱባ ሲሆን፣ ያኔ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበርኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጥሩ ሰዎች ዛሬም እዚያ ይሠራሉ። ሥራዬን እወደው ነበር። ሰዎች ኢንተርኔት ሲሠራ ማን እንዳሠራው አይጠይቁም፣ ሲቋረጥ ብቻ ነው ስምሽን የሚጠሩት። እኔ ግን ስሜ የማይጠራበት ቀን ደስ ይለኝ ነበር፤ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነውና።

አብሮኝ የሚሠራው በረከት ይባላል። የዲምቱ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን። እኔ ኮምፒውተር ነክቼ ሳላውቅ ነው ከገጠር የመጣሁት፤ የመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስቼ አየር ላይ ሳንቀሳቅስ ልጆቹ ሁሉ ሲስቁ፣ ያልሳቀው እሱ ነበር። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና በወላይትኛ ቀስ ብሎ አሳየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኢሻ» እለዋለሁ፤ ወንድሜ ማለት ነው። ወንድም ስለሌለኝ ቃሉን እንዲሁ አልነበረም የምጠራው። በአንድ መዘምራን ውስጥ አብረን ዘምረናል። ሳገባ ከባለቤቴ ሚዜዎች አንዱ እሱ ነበር። ልጄ ስትወለድ ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

የዚያን ዓመት ኮሌጁ አዳዲስ ስዊቾች ገዛ። ስዊች ማለት ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ነበሩ፦ አንዱ ሰርቨር ክፍል፣ አንዱ ፈተና በሚሰጥበት ሕንፃ፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት። ሦስቱን ክብ አድርገን በፋይበር ካገናኘናቸው፣ አንዱ መስመር ቢበጠስ በሌላው በኩል ይዞራል። መጥፎው ነገር፣ ክቡን ዝም ብለሽ ከተውሽው መልእክቱ መውጫ ያጣና እየዞረ፣ እየተባዛ ኔትወርኩን ሁሉ ያፍነዋል። ሉፕ እንለዋለን። ይህ እንዳይሆን ሳጥኖቹ በየሴኮንዱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ዋናው ማን እንደሆነ ይስማሙና ከመስመሮቹ አንዱን ተጠባባቂ አድርገው ይዘጉታል። እኔ የመረጥኩት «መልቲፕል ስፓኒንግ ትሪ» የሚባለውን አሠራር ነበር። ኔትወርኩን በቡድን ይከፍለዋል፤ ለፈተናው ቡድን የሚያርፈው መስመር ለቢሮው ቡድን ይሠራል፣ ለቢሮው የሚያርፈው ደግሞ ለፈተናው። ሥራ ፈት መስመር የለም። ግን አንድ ግዴታ አለው፤ ሦስቱም ሳጥኖች ላይ የትእዛዞቹ ቅንብር በዲዛይኑ መሠረት መግባት አለበት። አንዱ ካፈነገጠ ስምምነቱ ይፈርሳል።

ዲዛይኑን እኔ ሠራሁ። የሰርቨር ክፍሉንና የፈተናውን ሕንፃ እኔ፣ የቤተ መጻሕፍቱን በረከት ሊያዋቅር ተከፋፈልን። የክፍሉ ኃላፊያችን ለትምህርት ሊሄዱ ስለነበር ቦታውን ለመያዝ ሁለታችንም አመልክተን ነበር። በዚህ እንኳ እንስቅ ነበር። «አንቺ አለቃ ብትሆኚ መጀመሪያ የምታባርሪው እኔን ነው» ይለኛል። «አንተ ብትሆን ደግሞ ሥጋ በዳጣ በየቀኑ ትጋብዘኛለህ» እለዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ከመንገድ ሥራው ነው። በግቢው ጎን መንገድ ሲቆፈር ኤክስካቫተሩ ከሰርቨር ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደውን ፋይበር በጠሰው። የቤተ መጻሕፍቱ ሳጥን በፈተናው ሕንፃ በኩል ዞሮ ይሠራ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ዶክተር ሙሉጌታ፣ ዲናችን፣ «እንዴት ነው ሳይቋረጥ የቀረው?» ብለው ሲጠይቁኝ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ቁጥብና ሥርዓት ወዳድ ሰው ናቸው። «ለዚህ ነው ክብ ያደረግነው» አልኳቸው።

የመውጫ ፈተናው ቀን ደረሰ። የመውጫ ፈተና ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ተማሪው ዓመታት የተማረው በአንድ ፈተና ይመዘናል፣ ካላለፈ ዲግሪ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ጠዋት ስገባ ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ግቢው ላይ ተኝቶ ነበር። ተማሪዎቹ በፈተናው ሕንፃ በር ላይ ተሰልፈው ይፈተሻሉ። አንዷ አራስ ልጅ ይዛ ነበር የመጣችው። ከቤሌ አካባቢ መሆኗን ከእናቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ፣ ጥቂት ሄዳ ተመልሳ ጡት አጥብታው፣ እንደገና ሰጥታ ገባች። አያቲቱ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሆነ። ኤክስካቫተሩ ዋናው በር ጋ ሊቆፍር መጣ፤ ከሰርቨር ክፍል ወደ ፈተናው ሕንፃ የሚሄደው መስመር የሚያልፈው በዚያ ነው። እሱ ከተቆረጠ ፈተናው ቆመ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የፋይበር ጥገና ሠራተኞች የተበጠሰውን መስመር ቀጥለው ሊጨርሱ ነበር። ያ መስመር ከተሰካ ክቡ ይሞላል፤ ኤክስካቫተሩ የፈለገውን ቢቆርጥ ፈተናው አይቋረጥም።

ለበረከት ነገርኩት። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቆመን ነበር።

«ኢሻ፣ እንደጨረሱ ይሰኩት። የሳጥኑ ክፍል ቁልፍ አንተ ጋ ስለሆነ ክፈትላቸው።»

ወደ መንገዱ ሥራ እያየ፣ «ከፈተናው በኋላ ብናደርገው አይሻልም?» አለኝ።

«ከፈተናው በኋላማ ምን ይሠራልናል? ኤክስካቫተሩን አታየውም?»

«እሱስ ነው...»

«ያንተ ሳጥን እንደ ዲዛይኑ ነው አይደል የገባው?»

ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አንስቶ አየኝ። «ነው እንጂ» አለ። «ቃል በቃል።»

ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ተባለ ያልኳችሁ ቃል ይህ ነው።

ፈተናው ተጀመረ። እኔ አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ። ከኪቦርድና ከጉንፋን ሳል በቀር ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠራ፤ ዶክተር ሙሉጌታ ናቸው።

«አስቴር፣ የፋይበር ሰዎቹ ጨርሰናል ይላሉ። ፈተናው ላይ ችግር አይፈጥርም? በኋላ ጣጣ እንዳታመጪብኝ።»

«አይፈጥርም ዶክተር። እንዲያውም ፈተናውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ይሰካ።»

ስልኩን ዘግቼ ኪሴ ሳልከት አዳራሹ ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አዳራሹ በአንድ ጊዜ እጅ ብቻ ሆነ። «ገጹ አይሄድም!» «የኔ ተቋርጧል!» «መልሴ የት ሄደ?» ፈታኞቹ ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ሳጥኑ ሮጬ ሄድኩ። የስዊች መብራት ሲሠራ ዝናብ እንደሚጥልበት ውሃ ነው፣ እዚህ ብልጭ እዚያ ብልጭ ይላል። ያን ሰዓት ግን ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያለ እረፍት፣ እብደት እንደያዘው ይርገበገብ ነበር። ሉፕ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምፈራው ነገር ፊቴ ቆሟል። እንዴት እንደመጣ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ክቡ ሲሞላ ሳጥኖቹ ተነጋግረው አንዱን መስመር መዝጋት ነበረባቸው።

መንስኤውን ማሰብ ትቼ በረከት ጋ ደወልኩ። አዲሱ መስመር እሱ ካለበት ክፍል ነው የተሰካው፣ ቢነቅለው ሁሉም ነገር ይቆማል። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩ። አይነሣም። የቢሮዎቹ ስልክ በኔትወርኩ ላይ ስለሆነ እሱም ሞቷል።

የፈተናው ሕንፃ ሳጥን ለፈተናው ሲባል በመስታወት በር ተቆልፎ ስለታሸገ ከዚያ መንቀል አልችልም፤ መሮጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። የመስመሩ ሌላው ጫፍ ሰርቨር ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ግቢው ጫፍ ላይ፣ ዳገት ነው። ዝናብ መጣል ጀምሮ ነበር። ጭቃው ጫማዬን ሲይዘው ጥዬው በካልሲ ሮጥኩ። ከኋላዬ ዶክተር ሙሉጌታ «አስቴር! አስቴር!» ሲሉ ይሰማኛል፣ አልዞርኩም። ሰርቨር ክፍል ገብቼ የቤተ መጻሕፍቱን ፋይበር ፈልጌ ነቀልኩት።

መብራቶቹ ቀስ በቀስ ረገቡ።

ሰርቨሩ ግን ታፍኖ ደርቆ ነበር። አጥፍቼ ማስነሣት ነበረብኝ። ሲነሣ ያለውን ቆይታ ልገልጽላችሁ አልችልም። ዶክተር ሙሉጌታ ትንፋሽ አጥሯቸው ገቡ። በስልክ ከላይ የሚያናግሯቸው ሰዎች ቶሎ ካልተመለሰ የጠዋቱ ፈተና እንደሚሰረዝ ነግረዋቸዋል።

«መልሶቻቸውስ? እስካሁን የሠሩት?»

«ተቀምጦ ከሆነ ይኖራል።»

«ከሆነ?»

«ከሆነ፣ ዶክተር።»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተቀምጦ ነበር። ተማሪዎቹ ካቆሙበት ቀጠሉ። የባከነው ሰዓት ተጨመረላቸው። በር ላይ ሆኜ ሳይ ያቺ አራስ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። ደረቷ ላይ ሸሚዟ በወተት ርሷል። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። በረከት ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ፊቱ በላብ ወርዝቷል። ሲያየኝ ተነሣ።

«ስልክህን ለምን አታነሣም?»

«ሳይለንት ላይ ነበር፣ ይቅርታ። ሳጥኑ ደርቆብኝ አጥፍቼ አስነሣሁት። አሁን ደህና ነው።»

ላፕቶፑን ተቀብዬ ቅንብሩን አየሁ። አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። ሳጥኑ ጠፍቶ በመነሣቱ ቀደም ሲል የሆነውን የሚያሳይ ነገር የለውም። «እንዴት ሊሆን ቻለ?» አልኩት። እውነቴን ነው የጠየቅኩት፣ አብረን እንድናስብ። ትከሻዬን ያዘኝና፣ «አስቱ፣ አንዳንዴ ማሽን ነው፣ ይሆናል» አለኝ። በኋላ ጫማዬንም ጭቃው ውስጥ ፈልጎ አመጣልኝ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራን። የዲኑ ቢሮ ውስጥ ምክትላቸው፣ የፈተና አስተባባሪው፣ ተሰናባቹ ኃላፊያችን፣ በረከትና እኔ ነበርን። ዶክተር ሙሉጌታ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጀመሩ።

«አስቴር፣ ይሰካ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ችግር አይፈጥርም ብለሽ።»

«አዎ፣ ብያለሁ። መፍጠርም አልነበረበትም።»

«ታዲያ ለምን ፈጠረ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነት ስለሆነ ነው ያልኩት። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ያ ቃል እንዴት እንደወደቀ አየሁት። ምክትላቸው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ።

ዶክተሩ ወደ በረከት ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

በረከት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጠዋት ከፈተናው በኋላ ይሁን ብያት ነበር።» አላየኝም። «አስቴር ጎበዝ ናት፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዲዛይኑ ግን ትንሽ የተወሳሰበ ነው። እኔ በቀላሉ ይሁን የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ሲበዛ አንድ ነገር መዘንጋት አይቀርም። ምናልባት ስትሞክር ፊልተሩን አስገብታው ረስታው ይሆናል።»

ፊልተሩን።

ስለ ኔትወርክ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ፊልተር ማለት ሳጥኑ ከሌሎቹ ጋር እንዳይነጋገር አፉንም ጆሮውንም የሚዘጋ ትእዛዝ ነው። እሱ ካለ ክቡ ሲሞላ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ሉፕ ይፈጠራል። ያን ዕለት የሆነው በትክክል ሊብራራ የሚችለው በእሱ ነው። እኔ ግን ፊልተር አላስገባሁም፣ በዲዛይኔም የለም። የቤተ መጻሕፍቱን ሳጥን ሳይም አልነበረም። ስለ ፊልተር በዚያ ቀን ማንም ቃል አልተነፈሰም። ታዲያ እሱ ከየት አመጣው?

ቀና ብዬ አየሁት። እሱም የዚያን ጊዜ አየኝ። ምን እንደተናገረ ገብቶታል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የተባለውን የሰማን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌሎቹ የሰሙት አንድ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

«ዶክተር» አልኩ። «በረከት ፊልተር እንደነበረ እንዴት አወቀ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሳጥኑ እንዳይነጋገር የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። እኔ ሄጄ ሳይ አልነበረም። እኔ ያላየሁትን፣ ማንም ያላየውን...»

«አልነበረም ትያለሽ?»

«ሳይ አልነበረም። ግን ከዚያ በፊት ነበረ ማለት ነው። እሱ ነው...»

«አስቴር» አሉኝ ዶክተሩ፣ «አልነበረም አልሽ፤ ነበረ አልሽ። ለእኛ በሚገባን ቋንቋ ተናገሪ።»

«ግምቴን ነው የተናገርኩት» አለ በረከት ቀስ ብሎ። «ከተሳሳትኩ ይቅርታ።»

ምክትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግምት መስጠትማ ነውር አይደለም።»

እኔ ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። ብዙ ተናገርኩ። ባብራራሁ ቁጥር ጥፋቷን በጓደኛዋ ላይ የምታላክክ ሴት እየመሰልኩ ሄድኩ። ያን ፊታቸው ላይ እያየሁት እንኳ ማቆም አልቻልኩም።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ተከትዬው ሄጄ የብስክሌት ማቆሚያው ጋ ደረስኩበት። በወላይትኛ ነው ያወራነው፤ አማርኛው ለቢሮ ነበር።

«አንተ ነህ ያስገባኸው።»

ሊክድ ያሰበ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«ፋይበሩ ከተበጠሰ በኋላ ሳጥኔን እንደገና ሳዋቅር የሆነ ቁጥር ተሳስቼ ነበር መሰለኝ። ‘ዋናው እኔ ነኝ’ እያለ ሌሎቹ መስመሩን ይዘጉበታል። ሞከርኩ ሞከርኩ፣ አልገባኝም። ፊልተሩን ሳስገባው ተከፈተ። ያኔ አንዱ መስመር ተበጥሶ ስለነበር ክብ የለም፣ ጉዳት የለውም አልኩ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺን?» አለና ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣ። «ማውስ ያስያዝኩሽን ልጅ? አፈርኩ፣ አስቴር።»

ይህ ብቻ ቢሆን ይገባኝ ነበር። እምላለሁ፣ ይገባኝ ነበር።

«እሺ አፈርክ። ጠዋት ስጠይቅህስ? ቃል በቃል አልከኝ እኮ! አሁንስ? እዚያ ውስጥ እኔ ረሳሁት አልክ!»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «አንቺን ይምሩሻል። ዛሬ ቢቆጡሽ ነገ ይፈልጉሻል። እኔን ግን አንዴ ካወቁኝ አበቃ። ይህን አስቤ ነው።»

እንደ ምስጋና ነበር የተናገረው። አስቡት፣ ችሎታዬን ያውቃል፣ ያምንበታል፣ እና የጣለኝ በዚያው እምነት ነው። «ግባና ንገራቸው» አልኩት። ብስክሌቱን ይዞ ሄደ።

አልማሩኝም። ከኔትወርክ ሥራ ተነሥቼ ፕሪንተርና ኮምፒውተር ጥገና ተመደብኩ። እሱ ኃላፊ ሆነ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነሽ አስቱ» ይለኛል፣ ሰው ካለ። ክፉ ደብዳቤ አልጻፈብኝም፣ ክፉ ቃልም አልተናገረኝም። ያዘዘኝም በጨዋነት ነው። ይህ ከስድብ ይከብዳል።

ስለዚያ ጉዳይ ሁሉንም ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከባለቤቴ ከታሪኩ ጋር አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠን፣ ያን ዕለት መስመሩን የሰካው የፋይበር ሠራተኛ አወቀኝና ሊጨብጠኝ መጣ።

«እህቴ፣ በዚያ ቀን በጭቃ የሮጥሽው አንቺ ነሽ አይደል? ፈተናው እንዴት ሆነ?»

«ተፈተኑ፣ ደህና ሆነ።»

«ተመስገን። እኔማ ወዲያው ነበር ነገሩ የገባኝ። ስሰካው መብራቱ ሲያብድ ‘ልንቀለው’ ብዬ እጄን ስሰድ ያ ልጅ ያዘኝ። ‘ቆይ፣ እንዳትነካው፣ መጀመሪያ የማስተካክለው ነገር አለ’ አለኝ። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሣውም፣ ዝም ብሎ ይጽፋል። ‘ኧረ ወንድሜ ልንቀለው’ ብለው ‘ቆይ’ ነው። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሙያው የእሱ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሰውየው ሄደ። ታሪኩ እጄን ያዘኝ። እኔ አዳራሹን ነበር የማየው፤ የተነሡትን እጆች። በእጁ ሥር ያለን አንድ ክር ቢስብ ሁሉም ይቆም ነበር። እሱ ግን ክሩ ተሰክቶ እንዲቆይ አደረገ፣ የራሱን ዱካ እስኪያጠፋ። እኔ በካልሲ ዳገቱን ስወጣ፣ ያቺ ልጅ የጠፋ ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ የሕፃኗን ለቅሶ ከውጭ ስትሰማ፣ እሱ ይጽፍ ነበር። ድክመቱን ደብቆኝ እንደነበር አውቄ ነበር። ያን ያህል ሰው ሊከፍልበት እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሥራ መልቀቂያ አስገባሁ። ታሪኩ «ሄደሽ ለዶክተሩ ንገሪያቸው፣ ምስክር አለሽ» ብሎኝ ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። «አስቴር፣ አምንሻለሁ ብልሽ አሁን ምን ላድርግ? ፈተናው አልፏል፣ ቦታው ተሰጥቷል» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ የመጣ እውነት ለቢሮ ሸክም ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን የራሴን ሥራ ነው የምሠራው። ለክሊኒኮችና ለትምህርት ቤቶች ኔትወርክ እዘረጋለሁ፤ ቤሌ፣ ገሱባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ሲሳሳቱ አልጮህባቸውም። «አልገባኝም» ያለኝን ሠራተኛ ከሁሉ አስበልጬ እወዳለሁ፣ ፊት ለፊትም እነግረዋለሁ። የሠሩትን ደግሞ ራሴ አያለሁ፣ የእኔንም እነሱ ያያሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ጥርጣሬ ይለዋል። ይበለው። በእኔ ላይ የደረሰው ካለማመን የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ሌሎቹን ሳጥኖች በዓይኔ አይቼ፣ የወንድሜን በቃሉ የተቀበልኩ ሰው ነኝ።

ብዙ ሰው «ይቅር አልሽው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እንዲህ ሆነ።

ከሥራ እንደለቀቅኩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስ ሊያስታርቁን ቤታቸው ጠሩን። የተከበሩ አባት ናቸው፣ እኔን ያጠመቁኝም እሳቸው ናቸው። ባለቤቴና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። በረከት ሱፍ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ ጋሽ ማርቆስ።

«አባባ፣ ካሳ አልፈልግም። ቦታውንም አልፈልግም። ያን ዕለት ያደረገውን በራሱ አፍ እዚህ ይናገር። ያኔ ይቅር እለዋለሁ።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ከዚያ «ሁላችንም ሰዎች ነን» አለ። «በሥራ ላይ ተሳስተናል። ያዘነችብኝ ነገር ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ተሳስተናል?» አልኩ።

«ልጄ፣ ይቅርታ ጠየቀ እኮ» አሉ ጋሽ ማርቆስ። «ከዚህ በላይ ሰውን አታዋርጂ።»

ከዚያ እንጸልይ አሉና እሱ እንዲጸልይ ሰጡት። ድምፁን ታውቁት ቢሆን! መዘምራኑ ውስጥ እያለ ሰውን ያስለቅስ የነበረ ድምፅ ነው። ስለ ፍቅር ጸለየ፣ ስለ ወንድማማችነት፣ ልብን ስለሚያውቅ አምላክ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። እውነተኛ እንባ ነበር፣ አስመሳይ አልለውም። ስሜን እየጠራ ለቤቴ ባረከ፣ ለልጄም። ያን ዕለት ስላደረገው ግን ለእግዚአብሔርም አልነገረውም።

ሁሉም አንድ ላይ «አሜን» አሉ። ባለቤቴም አለ።

እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም ነበር። እሱን እያየሁት፣ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።